ፕሪንት፣ ዲባገር፣ ሊንተር ወይስ ቴስት? በአራት ስህተቶች የተመዘነ ንጽጽር

ኮድ ውስጥ ስህተት መፈለጊያው መንገድ ስለበዛ መምረጡ ራሱ ሥራ ሆኗል። አንዱ ፕሪንት (እሴትን ስክሪን ላይ ማተም) ይበቃል ይላል፤ ሌላው ዲባገር (ፕሮግራሙን መሃል ላይ አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) የማይከፍትን ሰው ፕሮግራመር ብሎ አይቆጥርም፤ ሦስተኛው ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ሌላ ኮድ) ያልተጻፈለት ኮድ አላለቀም ባይ ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። ፕሪንትና ዲባገር «ስህተቱ የት ነው?» ለሚለው ናቸው። ቴስት «ስህተት አለ ወይ? አስተካክለነው ተመልሶ ቢመጣስ እናውቃለን?» ለሚለው ነው። ሊንተርና ታይፕ መርማሪ (የእሴቶችን ዓይነት የሚያጣራ) ኮዱን ብቻ አንብበው፣ ፕሮግራሙ ሳይነሳ፣ «እዚህ ጋ የሚያጠራጥር ነገር አለ» ይላሉ። የጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ባይሴክት ትእዛዝ ደግሞ «መቼ ገባ?» የሚለውን ብቻ ይመልሳል። ሰው ሦስት ቀን ዲባገር ላይ አፍጥጦ የሚውለው ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ሳይለይ መሣሪያ ስላነሳ ነው።

## በምን እንመዝን?

በብር ብዙም አይለያዩም። ፓይተስት (የፓይቶን ቴስት ማስነሻ)፣ ማይፓይ (የፓይቶን ታይፕ መርማሪ)፣ ጂዲቢ (ዲባገር)፣ ቫልግራይንድ (የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ)፣ ጊት፣ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። የሚለያዩት በእነዚህ ነው፦

- የመጀመሪያውን መልስ እስኪሰጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል?
- አንዴ ከተተከለ በኋላ ምን ያህል እንክብካቤ ይፈልጋል?
- በከንቱ ይጮሃል ወይ? ያለምክንያት የሚጮህ መሣሪያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰሚ ያጣል።
- ጨርሶ የማይታየው ስህተት የትኛው ነው?

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። የአንድ መሣሪያ ወዳጅ ያገኘለትን ያወራል እንጂ ያለፈውን አያወራም። ስለዚህ አራት ስህተት ይዘን እያንዳንዱን መንገድ በእነሱ እንፈትናለን።

## አራቱ ስህተቶች

ፕሮግራሙ የትምህርት ቤት ወርኃዊ ክፍያ የሚሰበስብ ነው። በፓይቶን ተጽፏል፤ የመክፈያ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሰላል፣ ለወላጅ ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ክፍያ ይመዘግባል።

የጳጉሜ ስህተት። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፦ 2011፣ 2015፣ 2019። ፕሮግራመሩ ግን ከፈረንጆቹ አቆጣጠር በለመደው እጁ «ለ4 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ» ብሎ ጻፈ። ቀን መቀየሪያው መነሻ ያደረገው መስከረም 1 ቀን 2000ን ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007። አሁን በእጅ እናስላው። እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ድረስ ትክክለኛው ሕግ አራት ባለ 6 ቀን ጳጉሜ ያገኛል፦ 2003፣ 2007፣ 2011፣ 2015። የተሳሳተውም አራት ያገኛል፦ 2000፣ 2004፣ 2008፣ 2012። ሁለቱም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ብለው ይስማማሉ። ለመስከረም 1 ቀን 2017 ግን የተሳሳተው 2016ንም ስለሚጨምር አምስት ይቆጥርና በአንድ ቀን ይዛነፋል። ይህ ኮድ በ2016 ቢጻፍ እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ እንከን አይወጣለትም፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ይሳሳታል፤ በ2020 መልሶ ልክ ይሆናል። ከዚህ የባሰ ተንኮለኛ ስህተት ማግኘት ያስቸግራል።

ስልክ የሌለው ወላጅ። ከ5,000 ወላጆች 3ቱ ስልክ አላስመዘገቡም። መልእክት ላኪው የቁጥሩን መጀመሪያ 0 በ251 ሊተካ ሲል ባዶ እሴት ይገጥመዋል፤ ይወድቃል። በዝርዝሩ ከዚያ ወላጅ በታች ያሉት ሁሉ መልእክት አይደርሳቸውም።

እኩል የገቡ ሁለት ክፍያዎች። የተማሪው ሂሳብ 500 ብር ነው። አባት 200፣ እናት 300 በአንድ ቅጽበት ያስገባሉ። ኮዱ ሂሳቡን ያነባል፣ ይደምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ሁለቱም 500ን ካነበቡ ኋላ የጻፈው ያሸንፋል፤ 1,000 መሆን የነበረበት 700 ወይም 800 ሆኖ ይቀራል።

ረጅም ስም። በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የስም ዓምዱ 30 ባይት ከሆነ የሚበቃው ለ10 ፊደል ነው። «አበበ ከበደ» ከነክፍተቱ 19 ባይት ስለሆነ ይገባል፤ «ወልደገብርኤል ተክለሃይማኖት» 49 ባይት ነውና አይገባም። ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የዓምድ ርዝመት ሌላ ነገር ካልተባለ በባይት ይቆጠራል፤ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ በፊደል። መሞከሪያ ላይ ሁልጊዜ «አበበ በሶ በላ» የሚጽፍ ሰው (23 ባይት) ይህን ስህተት ዕድሜ ልኩን አያየውም።

## ፕሪንትና ሎግ

ፕሪንት ፈጣን ነው፤ አንድ መስመር ጽፎ ማስነሳት ብቻ። ለባዶው ስልክ ተስማሚ ነው፤ የወላጁን መለያ ቁጥር ከመላኩ በፊት ብታሳትሙ የመጨረሻው የታተመው ቁጥር ጥፋተኛው ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲዞር ፓይቶን እያጠራቀመ ስለሚጽፍ ፕሮግራሙ በድንገት ከተገደለ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ፋይሉ ላይ አይደርሱም። ስህተቱ ከትክክለኛው ቦታ ብዙ መስመር ቀድሞ የሆነ ይመስላችኋል። ፍለሽ የሚለውን አማራጭ ማብራት ወይም ፓይቶንን ሳያጠራቅም እንዲጽፍ ማስነሳት ያድናል።

ፕሮግራሙ ደንበኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ፕሪንት ወደ ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ማደግ አለበት። እያንዳንዱ መስመር ሰዓት፣ ደረጃና የክፍያ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ የይለፍ ቃልና ፒን ፈጽሞ አይታተምበት። ሰዓቱን ለሁሉም ሰርቨር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) አድርጉት፣ ወደ አገር ሰዓት የሚቀየርበትንም ጻፉት። ደንበኛ ደውሎ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተበላሸ» ካለ ኮምፒውተሩ ላይ 9፡00 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ 6፡00። ይህን ያልለየ ሰው የተሳሳተ ሰዓት ሎግ ውስጥ ግማሽ ቀን ይቆፍራል።

ለእኩል ክፍያዎቹ ፕሪንት እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ማተሙ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ የሁለቱን ክፍያ ግጥጥሞሽ ያዛባና ስህተቱን ይሰውረዋል።

## ዲባገር

ዲባገር የሚያሸንፈው ስህተቱን ደጋግሞ ማስነሳት ሲቻልና መንስኤው ከታየበት ቦታ ርቆ ሲገኝ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት) ተክሎ መስመር በመስመር መሄድን ነው፤ 5,000 ወላጅ ላይ ይህ አያዋጣም። ቅድመ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት ተጠቀሙ፦ «ስልኩ ባዶ ሲሆን ብቻ ቁም» በሉት፣ 4,997ቱን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ከቆመ በኋላ የጥሪ ዝርዝሩን ወደ ላይ እየወጣችሁ ባዶው ከየት እንደመጣ እዩ። ፓይተስትም ቴስት በወደቀበት ቅጽበት ቀጥታ ወደ ፒዲቢ (የፓይቶን ዲባገር) የሚያስገባ አማራጭ አለው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ስለሚኖር ፈልጉት።

ጊዜ ላይ የተመሠረተ ስህተት ግን የዲባገር ጠላት ነው። አንዱን ክፍያ ስታስቆሙት ሌላው ቀድሞ ይጨርሳል፤ ያስቆማችሁት ሂሳቡን ከማንበቡ በፊት ከሆነ ሁለቱ አይጋጩም። የጳጉሜውንም በራሱ አያገኝላችሁም፤ ዲባገር ስህተት መኖሩን የምታውቁትን ያሳያል እንጂ ያልጠረጠራችሁትን አይጠቁምም።

## ሊንተርና ታይፕ መርማሪ

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ራፍ (ለፓይቶን) ወይም ኢኤስሊንት (ለጃቫስክሪፕት) ትልቅ ፕሮጀክትን በሰከንዶች ይቃኛል፤ ያልተጠቀማችሁበትን ተለዋዋጭ፣ የተሳሳተ ስም፣ የማይደረስበትን ኮድ ይለቅማል። ታይፕ መርማሪው (ለፓይቶን ማይፓይ ወይም ፓይራይት፣ ለጃቫስክሪፕት ታይፕስክሪፕት) ስልኩ ባዶ ሊሆን እንደሚችል አንድ ቦታ ከተጻፈ ሳይጠይቁ የሚጠቀሙበትን መስመሮች ሁሉ ያሳያል። ባዶው ስልክ እዚህ ነው መያዝ ያለበት፣ ደንበኛ ጋ ሳይደርስ።

ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። ማይፓይ በነባሩ አቀማመጥ የታይፕ ምልክት የሌለውን ፈንክሽን ውስጡን አያየውም። ምልክት የሌለበት ፕሮጀክት ላይ አስነስቶ «ምንም ችግር አልተገኘም» ሲል የሚደሰት ሰው ያልታየ ኮድ ነው የጸደቀለት። ጥብቁን አማራጭ መጀመሪያ ገንዘብና መልእክት በሚነኩት ሁለት ሦስት ፋይሎች ላይ ብቻ አብሩ። ሁሉ ላይ በአንዴ ካበራችሁት ማስጠንቀቂያው ጎርፍ ሆኖ ይመጣና ማንም አያነበውም።

ጳጉሜን፣ እኩል ክፍያንና ረጅም ስምን ይህ መንገድ አያያቸውም። ለሱ 3 እና 0 ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

## ዩኒት ቴስት

ዩኒት ቴስት አንዲት የኮድ ክፍልን ለብቻዋ የሚፈትን ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ቴስት እያለ ስህተት የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ የሚጠበቀው መልስ ከኮዱ ራሱ ተቀድቶ።

የጳጉሜውን ውሰዱ። በ2016 ቴስት የሚጽፍ ሰው የዓመቱን መስከረም 1 ይሞክራል፤ ያልፋል። ትጉ የሆነው ደግሞ 200 ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ መልሶ ወደ ኢትዮጵያ ይቀይርና መጀመሪያ ካለው ጋር ያስተያያል። ከ73,000 በላይ ቀን ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፣ ሲያዩት ያኮራል። ያልፋል። ምክንያቱም መሄጃውም መመለሻውም ያንኑ የተሳሳተ ሕግ ነው የሚጠቀሙት። ሽፋን መለኪያውም (ቴስቱ ስንቱን የኮድ መስመር እንደነካ የሚቆጥረው) መቶ በመቶ ይላል።

መድኃኒቱ ከኮዱ ውጭ የመጣ መልስ ነው፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ እንኳ ቢሆን። የአራት ተከታታይ ዓመት መስከረም 1 ይበቃል፦ 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ 2018 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026፣ 2020 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027። በዚህ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 እንዲቀበል፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን አልቀበልም እንዲል ሁለት ቴስት ጨምሩ። ስድስት መስመር ከ73,000 ቀን በልጦ ስህተቱን ይይዛል።

ሌሎች ነጥቦች በአጭሩ፦ ቴስት ውስጥ «የዛሬ ቀን» ከኮምፒውተሩ አይነበብ፤ ቀኑን ፈንክሽኑ ከውጭ ይቀበል፣ አለዚያ ዛሬ ያለፈው ጳጉሜ ላይ ይወድቃል። ብር በፍሎት (በግምት በሚቀመጥ የአስርዮሽ ቁጥር) አይያዝ፤ ፓይቶን 2.675ን ወደ ሁለት አሃዝ ሲያጠጋጋ 2.67 ይላል፣ በውስጡ የተቀመጠው ቁጥር ከ2.675 ጥቂት ስለሚያንስ። ሂሳቡን በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ወይም በዴሲማል ያዙት። ቴስታችሁ ጥርስ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት፤ 3ን 2 አድርጋችሁ አሁንም ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ ቴስቱ ጌጥ ነው። ሙትሙት የሚባለው የፓይቶን መሣሪያ ይህንኑ በራሱ እየደጋገመ ይሠራል። ኤአይ ቴስት ጽፎ ሲሰጣችሁም ይኸው ጥያቄ ይነሳ፦ የሚጠበቀው መልስ ከየት መጣ?

## ኢንተግሬሽን ቴስት

ረጅሙ ስምና እኩል ክፍያዎቹ የሚገኙት እውነተኛ ዳታቤዝ ሲነካ ነው። ለቴስት ቀላል ነው ብሎ ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ የሚያስገባ ብዙ ነው። ኤስኪውላይት የጽሑፍ ዓምድ ርዝመትን አያስገድድም፤ በአንድ ጊዜም አንድ ጸሐፊ ብቻ ያስገባል። ደንበኛው ጋ ኦራክል ወይም ፖስትግሬስ ከሆነ ያንኑ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቨርዥን፣ ዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ለብቻው የሚያስነሳ መሣሪያ) ላይ አስነሱ። የመጀመሪያው ማውረድ ዳታ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለእኩል ክፍያ የሚሆነው ቴስት እንዲህ ነው፦ ባዶ ሂሳብ ፍጠሩ፣ 50 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) እያንዳንዱ የራሱን የዳታቤዝ ግንኙነት ይዞ 10 ብር ያስገባ፣ መጨረሻ ላይ ሂሳቡ 500 ይሁን። አንዴ ቢያልፍ አትመኑት፣ 20 ጊዜ ድገሙት። ክፍተቱን ለማስፋት በማንበብና በመጻፍ መካከል ለቴስቱ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ እረፍት አስገቡ። መፍትሔው ድምሩን ዳታቤዙ ራሱ በአንድ ትእዛዝ እንዲደምር ማድረግ ወይም ረድፉን መቆለፍ ነው።

ብሮውዘር የሚነዱት ሰለኒየምና ፕሌይራይት የዚህ ዘመድ ናቸው፣ ግን ቀርፋፋና ተነጫናጭ። አብዛኛው የሚወድቀው «3 ሰከንድ ጠብቅ» ተብሎ ስለሚጻፍ ነው፤ ኔትወርክ ሲዘገይ 3 ሰከንድ አይበቃም። «ቁልፉ እስኪታይ ጠብቅ» በሉት። ከአምስት በላይ አታብዟቸው፦ መግባት፣ መክፈል፣ ደረሰኝ ማውጣት፣ ይበቃል።

## የተቀሩት

የባልደረባ ግምገማ እኩል ክፍያን የመሰለ ስህተት ለማየት ከማንም ይሻላል፤ «አንብብ፣ ደምር፣ ጻፍ» የሚለውን ቅርጽ ልምድ ያለው ዓይን ወዲያው ይለየዋል። ለውጡ ከ300 መስመር ሲያልፍ ግን ገምጋሚው ይደክምና «ጥሩ ይመስላል» ብሎ ያልፋል።

ጊት ባይሴክት «ትናንት ይሠራ ነበር» ለሚባል ነገር ነው። ደህና የነበረበትንና የተበላሸበትን ኮሚት (ጊት ላይ የተመዘገበ ለውጥ) ትነግሩታላችሁ፤ መሃሉን እያጋመሰ 1,000 ኮሚት ውስጥ በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛውን ያወጣል። ስክሪፕት ከሰጣችሁት ብቻውን ይጨርሳል፦ 0 ከመለሰ ደህና፣ 1 ከመለሰ የተበላሸ፣ 125 ከመለሰ ዝለለው ማለት ነው። የጳጉሜው ላይ ግን ያታልላችኋል፤ ነሐሴ ላይ ይሠራ የነበረው አሁን የተበላሸው ኮዱ ሳይሆን ቀኑ ተቀይሮ ነው።

ሳኒታይዘር (ፕሮግራሙ ሲሄድ የሜሞሪ ስህተት የሚይዝ) እና ፈዚንግ (የዘፈቀደ ግብዓት እየሰጡ መፈተን) ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ለሚጽፍ ግዴታ ናቸው፤ ለዚህ የፓይቶን ፕሮግራም አያስፈልጉም። አድሬስ ሳኒታይዘር ፕሮግራሙን በ2 እጥፍ ገደማ ያዘገያል፤ ቫልግራይንድ ከ10 እስከ 50 እጥፍ ያዘገያል፣ ግን ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ሳያስደርግ ይሠራል፣ እሴት ያልተሰጠውን ሜሞሪ ማንበብንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሃርትብሊድ የተባለ የደህንነት ቀዳዳ፣ ከተፈቀደው ወሰን አልፎ ሜሞሪ ማንበብ፣ ልክ የዚህ መንደር ስህተት ነው።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | የመጀመሪያ መልስ | ጳጉሜ | ባዶ ስልክ | እኩል ክፍያ | ረጅም ስም | እንክብካቤ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፕሪንትና ሎግ | ደቂቃ | አያይም | ያያል፣ ከወደቀ በኋላ | ሊሰውረው ይችላል | ያያል፣ ከወደቀ በኋላ | ትንሽ |
| ዲባገር | ደቂቃዎች | ከተጠረጠረ | ያያል | ብዙ ጊዜ አያይም | ከተጠረጠረ | የለም |
| ሊንተርና ታይፕ | ሰከንድ | አያይም | ያያል፣ ቀድሞ | አያይም | አያይም | ትንሽ |
| ዩኒት ቴስት | ሰዓት | ያያል፣ መልሱ ከውጭ ከመጣ | ከታሰበበት | አያይም | አያይም | መካከለኛ |
| ኢንተግሬሽን ቴስት | ግማሽ ቀን | እንደ ዳታው | ከታሰበበት | ያያል | ያያል፣ ዳታቤዙ አንድ ከሆነ | ብዙ |
| ግምገማ | ቀን | እንደ ገምጋሚው | አንዳንዴ | ብዙ ጊዜ ያያል | አንዳንዴ | የሰው ሰዓት |

## ለማን የትኛው?

ተማሪ ከሆናችሁ ዲባገር ይቅደም። ኮዱ እንዴት እንደሚፈስ፣ ጥሪ በጥሪ ላይ እንዴት እንደሚደረደር የሚያስተምር ሌላ የለም።

ብቻውን የሚሠራና ግማሽ ቀን ብቻ ያለው አንድ ሰዓቱን ሊንተርና ታይፕ መርማሪ ለመትከል ያውል፤ ሁለት ሰዓት ለቀንና ለገንዘብ ስሌት ብቻ ሃያ ያህል ዩኒት ቴስት ይጻፍ። የቀረውን ጊዜ ለመሞከሪያ ዳታ፦ ረጅም ስም፣ ስልክ የሌለው ወላጅ፣ በ07 የሚጀምር ቁጥር (በ09 ብቻ የሚያምን ማረጋገጫ ዛሬም አለ)፣ 0 ብር፣ የአንድ ሳንቲም ክፍያ።

ከ3 እስከ 5 ሰው ያለው ቡድን ሊንተሩንና ዩኒት ቴስቱን ኮድ ወደ ጋራ ማከማቻ ከመላኩ በፊት በራሱ እንዲነሳ ያድርግ። የጊት ፕሪ ፑሽ ሁክ (ከመላክ በፊት በራሱ የሚነሳ ስክሪፕት) ኢንተርኔት ቢቋረጥም እዚያው ማሽን ላይ ይሠራል። ሁሉም በአንድ ላይ ከ10 ሰከንድ ከበለጠ ግን ሰው መዝለያውን መንገድ ይማራል፤ ከባዱን ኢንተግሬሽን ቴስት ለሌሊት ተዉት።

ቴስት የሌለው አሮጌ ፕሮግራም የወረሰ ዩኒት ቴስት ከመጻፍ አይጀምር። ኮዱ ለቴስት አልተመቸም፤ እንዲመች ሲቀይረው ሌላውን ይሰብራል። መጀመሪያ ያለፈውን ወር እውነተኛ ግብዓት ወስዶ ስምና ስልክ ይቀይር፤ ስሙን ሲቀይር ግን ርዝመቱን ይጠብቅ፣ ሁሉንም አበበ ካደረገ ረጅሙ ስም ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ዳታ ፕሮግራሙን አስነስቶ የወጣውን ውጤት፣ ትክክልም ስህተትም፣ እንዳለ ፋይል ላይ ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ባደረገው ለውጥ ሁሉ አዲሱን ውጤት ከፋይሉ ጋር ያነጻጽር። ልዩነት ሲታይ ሁለት ነገር ነው ሊሆን የሚችለው፦ ወይ አሁን የሰበረው ነገር አለ፣ ወይ ድሮም የተሰበረ ነበርና አሁን ተስተካክሏል። ሁለተኛው ከሆነ ፋይሉን ከማደሱ በፊት ሂሳብ ክፍሉን ይጠይቅ፤ የተሳሳተውን ቁጥር በየወሩ በእጅ እያረሙ የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሳይነግሯቸው ከተስተካከለ ያርሙታል፣ እንደገና ይሳሳታል።